የጨቅላ ሕፃን ቀይ የደም ሕዋስ በእርግጥ ግትር ነው? ከአንድ የክፍል ማስታወሻ የተነሣ ውይይት

የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ (ልደታ)

ለመድረኩ አባላት በሙሉ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ስለ ጨቅላ ሕፃናት ደም በምናነበው የክፍል ማስታወሻ ውስጥ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ሁለት አባባሎች አግኝቻለሁ። አንደኛው፣ የጨቅላ ሕፃን ቀይ የደም ሕዋስ ከአዋቂው ይልቅ ግትር በመሆኑ በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ለማለፍ ይቸገራል፤ የሕፃኑ ደም የሚወፍረውም፣ ሕዋሱ 120 ቀን መኖር ሲገባው ከ60 እስከ 90 ቀን ብቻ የሚቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ቀኑን ሞልቶ የተወለደ ሕፃን ሕዋስ ቅርጹን የመለወጥ ችሎታው ከአዋቂው እኩል ነው ብሎ ያልፋል። ሁለቱም በጥናት የተደገፉ ናቸው ተብሎ ተጽፏል።

የትኛው ነው ትክክል? ሁለተኛው ትክክል ከሆነስ የሕዋሱን ዕድሜ ማጠርና የደሙን መወፈር በምን እናስረዳዋለን? በቅርቡ በተለማመድንበት ክፍል ሄማቶክሪቱ (ከደሙ ውስጥ የቀይ ሕዋሳቱ ድርሻ) ከ65 በመቶ በላይ የሆነ ሕፃን አይተን ስለነበር ጉዳዩ የፈተና ጥያቄ ብቻ ሆኖ አልታየኝም።

የሄማቶሎጂ ላቦራቶሪ ባለሙያ (ቸርችል ጎዳና)

ወንድሜ፣ መልሱ የሚጀምረው «በምን ተለካ?» ከሚለው ነው። የሚጋጩ የሚመስሉት አብዛኞቹ ጽሑፎች በተለያየ መሣሪያ የተለያየ ነገር የለኩ ናቸው።

ከቀደሙት ጥናቶች ብዙዎቹ የተሠሩት በማጣሪያ ነው። ስፋታቸው 5 ማይክሮሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ቀዳዳዎች ባሉት ስስ ማጣሪያ ላይ የተበረዘ ደም ይፈስስና ለማለፍ የወሰደበት ጊዜ ይመዘገባል። ዘዴው ርካሽና ቀላል ቢሆንም ለጨቅላ ሕፃን ደም ሲውል ሁለት ወጥመዶች አሉበት። የመጀመሪያው የሕዋሱ መጠን ነው። የአዋቂ ቀይ ሕዋስ 90 ፌምቶሊትር (የሕዋስ ይዘት የሚለካበት እጅግ ጥቃቅን መለኪያ) ገደማ ይዘት ሲኖረው፣ ቀኑን ሞልቶ የተወለደ ሕፃን ሕዋስ ግን ከ105 እስከ 115 ፌምቶሊትር ይደርሳል፤ ያለጊዜው የተወለደው ሕፃን ሕዋስ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ትልቅ ዕቃ በጠባብ በር ቀስ ብሎ ቢያልፍ ዕቃው ደረቅ ነው ለማለት አያበቃም። ሁለተኛው ወጥመድ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነጭ ሕዋሳቱ ብዙ ናቸው፤ ከቀዩ ይልቅ እጅግ ግትር ስለሆኑ ጥቂቶቹ እንኳ ቀዳዳውን ደፍነው ይይዙታል። ነጮቹ በሚገባ ካልተወገዱ የተለካው የቀዩ ግትርነት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ሌላው መንገድ አንድን ሕዋስ በማይክሮስኮፕ እያዩ በእጅግ ቀጭን የመስታወት ቱቦ መሳብ ነው። ራንድና በርተን እ.ኤ.አ. በ1964 የሕዋሱን ገለፈት ጥንካሬ የለኩት በዚህ ዘዴ ነው። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ1975 ማርሴል ቤሲስና ናርላ ሞሃንዳስ ያስተዋወቁት ኤክታሳይቶሜትር ነው። አንዱ ከሌላው አንጻር በሚዞር ሁለት ግድግዳዎች መካከል ባለ ዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ ሕዋሳቱ ይንሳፈፋሉ፤ ፈሳሹ ሲጎትታቸው ከክብ ወደ ሞላላ ይለወጣሉ፤ የሞላላነታቸውን መጠን የሌዘር ብርሃን ያሳያል። እዚህ ላይ ሕዋሱ የሚሾልክበት ቀዳዳ ስለሌለ ትልቅነቱ እንደ ማጣሪያው አይጎዳውም። በዚህ ዓይነት መለኪያ ቀኑን ሞልቶ የተወለደ ሕፃን ሕዋሳት አማካይ ውጤት ከአዋቂው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል።

ስለዚህ ማስታወሻህ ላይ ያሉት ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ከየመለኪያቸው ጋር ቢጻፉ ኖሮ አይጋጩም ነበር። የእኛ አገር የክፍል ማስታወሻዎች ከአንዱ ተማሪ ወደ ሌላው ሲገለበጡ መጀመሪያ የሚወድቀው «በምን ተለካ» የሚለው ክፍል ነው፤ ይህን የምለው በትዝብት ነው።

የፊዚክስ መምህር (አራት ኪሎ)

ሕክምና ሙያዬ ባይሆንም ጉዳዩ ከምሠራበት መስክ ጋር ስለሚገናኝ ጥቂት ልጨምር። አንድ ሕዋስ ተጣጣፊ ነው የምንለው ሦስት ነገሮች ሲስማሙለት ነው። አንደኛ፣ የገለፈቱ ስፋት ከያዘው ይዘት አንጻር ትርፍ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛ፣ በውስጡ ያለው፣ ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን ፈሳሽ ከመጠን በላይ መወፈር የለበትም። ሦስተኛ፣ ገለፈቱን ከውስጥ የሚደግፈው ስፔክትሪን ከሚባለው ፕሮቲን የተሠራ መረብ ሲጎተት የሚሰጥ፣ ሲለቀቅ የሚመለስ መሆን አለበት።

የመጀመሪያው ከሁሉም ይበልጣል፤ ምክንያቱም ገለፈቱ መታጠፍና መጎተት እንጂ ስፋቱን መጨመር አይችልም ማለት ይቻላል፤ ስፋቱ በጥቂት በመቶ እንኳ እንዲጨምር ቢገደድ ይቀደዳል። እስከ አፉ የተሞላ ስልቻ እንደማይታጠፍና ጎደል ያለው ግን በተፈለገው በኩል እንደሚታጠፍ ሁሉ፣ ቀይ ሕዋስም የሚተጣጠፈው ጎደሎ በመሆኑ ነው። በቁጥር እንየው። የአዋቂው ሕዋስ 90 ፌምቶሊትር ይዞ የገለፈቱ ስፋት 138 ካሬ ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ያንኑ 90 ፌምቶሊትር በድቡልቡል ቅርጽ ብናስቀምጠው የሚያስፈልገው ስፋት 97 ካሬ ማይክሮሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ 40 በመቶ ያህል ትርፍ ገለፈት አለው ማለት ነው።

ወደ ጨቅላው እንምጣ። ጀርመናዊው የጨቅላ ሕፃናት ሐኪም ኦትዊን ሊንደርካምፕና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በመስታወት ቱቦ ባደረጉት ልኬት የጨቅላው ሕዋስ በይዘት ብቻ ሳይሆን በገለፈት ስፋትም ትልቅ መሆኑን አሳይተዋል። ይዘቱን 110፣ ስፋቱን 155 ብለን ብንነሣ፣ ለድቡልቡል ቅርጽ የሚበቃው ስፋት 111 ነው፤ ትርፉ እንደገና 40 በመቶ ገደማ ይመጣል። የጨቅላው ሕዋስ ከአዋቂው ይልቅ የተሞላ አይደለም፤ በተመሳሳይ መጠን ጎደሎ የሆነ ትልቅ ሕዋስ ነው።

አሁን ግን ሌላ ስሌት ልሥራ። ገለፈቱ ሳይቀደድ ሕዋሱ ሊያልፍበት የሚችለው ከሁሉ ጠባቡ ቱቦ ስንት ነው? ሕዋሱ ሁለት ጫፎቹ የተድቦለቦሉ ረጅም በትር ሆኗል ብለን ከይዘቱና ከስፋቱ ብናሰላ ለአዋቂው 2.8፣ ለጨቅላው 3.0 ማይክሮሜትር ገደማ እናገኛለን። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም፣ ቱቦው 3.3 ማይክሮሜትር ሲሆን ጨቅላው ወደ መጨረሻው ወሰኑ ተጠግቷል፤ ስለዚህ እንዲገባ የሚያስፈልገው ግፊት ከአዋቂው ጉልህ በሆነ መጠን ይበልጣል። ቱቦው 5 ማይክሮሜትር ከሆነ ግን ልዩነቱ ይጠፋል ባይባልም እጅግ ያንሳል።

በአጭሩ፣ የተማሪው የመጀመሪያ ማስታወሻ ግትርነት ያለውን እኔ ትልቅነት እለዋለሁ። የገለፈቱ ቁስና በውስጡ ያለው ፈሳሽ ከአዋቂው የባሰ አይደለም።

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ (ስድስት ኪሎ)

መምህር፣ ስሌትዎ ግልጽ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን እኛ ክፍል ውስጥ የምናየው አንድን ሕዋስ ሳይሆን ቀይ ብርቱካን የመሰለ፣ የሚያንቀላፋ፣ ጡት የማይጠባ፣ ስኳሩ የወረደ ሕፃን ነው። የሕዋሱ ተጣጣፊነት እንደ አዋቂው ከሆነ ይህ ሕፃን የሚታመመው ለምንድን ነው?

ለተማሪውም አንድ ነገር ላሳስብ። ያየኸው ከ65 በላይ የሆነ ሄማቶክሪት ከየት የተቀዳ ደም ነው? ከተረከዝ የተወጋ ደም ውጤቱ ከደም ሥር ከተቀዳው ከፍ ይላል፤ በተለይ እግሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ልዩነቱ ይሰፋል። ከተወለደ በኋላ ስንት ሰዓት ላይ እንደተቀዳም መታወቅ አለበት፤ ሄማቶክሪቱ ከፍ ብሎ የሚታየው በሁለተኛው ሰዓት አካባቢ ሲሆን ከዚያ በኋላ እየወረደ ይሄዳል። ከተረከዝ በተገኘ ቁጥር ብቻ የሕክምና ውሳኔ አይሰጥም።

የሕፃናት ሐኪም (ካዛንቺስ)

የሲስተር ጥያቄ የጉዳዩን ዋና ክፍል ነክቷል። ሁለቱን እንለያቸው፤ የአንዱ ሕዋስ ተጣጣፊነት ሌላ፣ የሙሉ ደሙ ዝልግልግነት፣ ማለትም ተማሪው መወፈር ያለው፣ ሌላ ነው። የደም ዝልግልግነት በአራት ነገሮች ይወሰናል፤ እነሱም የሕዋሳቱ ብዛት፣ የፕላዝማው (ሕዋሳቱ የሚንሳፈፉበት ፈሳሽ) ውፍረት፣ ሕዋሳቱ እርስ በርስ የመደራረብ ዝንባሌያቸውና ተጣጣፊነታቸው ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በጨቅላው ላይ ችግር የሚያመጣው የመጀመሪያው ነው። ሄማቶክሪቱ ከ65 በመቶ ሲያልፍ ዝልግልግነቱ በቀጥታ መስመር ሳይሆን ሽቅብ እየሾለ ይጨምራል። የቀሩት ሦስቱ ሕፃኑን ከመጉዳት ይልቅ የሚረዱ ናቸው፤ የጨቅላው ፕላዝማ ፕሮቲኑና ፋይብሪኖጅኑ አነስተኛ ስለሆነ ከአዋቂው ፕላዝማ የቀጠነ ነው፤ ሕዋሳቱም እንደ አዋቂው በቀላሉ አይደራረቡም። በእኩል ሄማቶክሪት ቢወዳደሩ የጨቅላው ደም ከአዋቂው ደም የበለጠ ዝልግልግ አይደለም። የታመመው ሕፃን የታመመው ሕዋሱ ስለደረቀ ሳይሆን ሕዋሱ ስለበዛ ነው።

ይህ ልዩነት በሕክምናው ላይ በግልጽ ይታያል። ምልክት ያለበትና ከደም ሥር የተቀዳው ሄማቶክሪት ከ65 በላይ የሆነ ሕፃን ደሙ በከፊል እንዲቀየር ሲወሰን፣ የሚወጣው ደሙ፣ የሚገባው ኖርማል ሳላይን የሚባለው የጨው ውኃ ነው። ፕላዝማ ወይም አልቡሚን ከሳላይን የተሻለ ጥቅም አላሳየም። የሕዋሱን ጠባይ አንለውጥም፤ ቁጥሩን ብቻ እንቀንሳለን። ስሌቱም ቀላል ነው። የሕፃኑ የደም መጠን በአሁኑና በምንፈልገው ሄማቶክሪት ልዩነት ይባዛል፤ ከዚያ ለአሁኑ ሄማቶክሪት ይካፈላል። ክብደቱ 3 ኪሎ ቢሆን፣ ለአንድ ኪሎ 85 ሚሊሊትር ደም ብንይዝ በድምሩ 255 ሚሊሊትር ይሆናል፤ ከ70 ወደ 55 ለማውረድ 55 ሚሊሊትር ያህል ይቀየራል። ይህን ስል ግን ምልክት ለሌለበት ሕፃን ሁሉ ይደረግ ማለቴ አይደለም። የደም ቅየራው የልጁን የወደፊት የአእምሮ ዕድገት እንደሚያሻሽል አልተረጋገጠም፤ የአንጀት ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል ግን ይታወቃል። ቁጥር አይቶ ብቻ ደም ለመቀየር በእትብቱ በኩል ቱቦ ለማስገባት የሚሮጥ ሐኪም እኔን አያስደስተኝም።

የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ (ልደታ)

ዶክተር፣ ሲስተር፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ቀደም ሲል ያነሣሁት ሕፃን ደም ከተረከዝ የተቀዳ ነበር፤ በኋላ ከደም ሥር ሲደገም 61 ሆኖ ተገኝቷል፤ ክትትል ብቻ ተደረገለት። ስለ ሕዋሱ ዕድሜ የጠየቅኩት ግን ገና አልተመለሰልኝም። ሕዋሱ ግትር ካልሆነ ያረጁ ሕዋሳትን የሚያስወግደው ጣፊያ ለምን ቀድሞ ያስወግደዋል?

የሕፃናት ሐኪም (ካዛንቺስ)

አማካይ ቁጥር እዚህ ላይ ያታልላል። የላቦራቶሪው ባለሙያ የጠቀሱት ውጤት የሁሉም ሕዋሳት አማካይ ነው። የጨቅላው ሕዋሳት ግን እርስ በርሳቸው ከአዋቂው ይልቅ ይለያያሉ። በቅርቡ ከመቅኔ የወጡት ወጣቶቹ እጅግ ተጣጣፊ ናቸው፤ ያረጁትና ይዘታቸው የታመቀው ደግሞ ከአዋቂው አሮጌ ሕዋስ የባሰ ይደርቃሉ። ሁለቱ ሲደመሩ አማካዩ መልካም ይመስላል።

አሮጌዎቹ ቶሎ የሚደርቁበት ምክንያት ከተወለዱበት ፋብሪካ ሳይሆን ከኑሯቸው ይመነጫል። የጨቅላው ቀይ ሕዋስ ስኳርን ወደ ጉልበት የሚለውጥበት ሰንሰለት ፎስፎፍሩክቶካይኔዝ በሚባለው ኢንዛይም ላይ ይዳከማል። ኦክስጅን ከሚያደርሰው ጉዳት የሚከላከሉለት እንደ ካታሌዝና ግሉታታዮን ፐሮክሲዴዝ ያሉ ኢንዛይሞችም ዝቅተኛ ናቸው፤ በሕፃኑ ደም ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኢም አነስተኛ ነው። ስለዚህ ሕዋሱ ዕለት ዕለት ከገለፈቱ ትንሽ ትንሽ እየጣለ ይሄዳል። መምህር እንዳስረዱት ዋናው ሀብቱ ትርፍ ገለፈት ነው፤ ያ ሲያልቅ ሕዋሱ ይሞላል፤ ሲሞላ ደግሞ ከ1 እስከ 2 ማይክሮሜትር ስፋት ብቻ ያላቸውን የጣፊያ ስንጥቆች ማለፍ ያቅተዋል።

ሌላም አለ። የሕፃኑ ጣፊያ ራሱ ገና አልበሰለም። በጨቅላው ሕዋሳት ላይ በልዩ ማይክሮስኮፕ የሚታዩ ብዙ ጉድጓድ የመሰሉ ምልክቶች ይገኛሉ፤ እነሱም በአዋቂ ጣፊያ ተለቅመው የሚወገዱ ትናንሽ ከረጢቶች ናቸው። ያለጊዜው በተወለዱት ላይ ቁጥራቸው ይበልጣል። እንግዲህ ጣፊያው ጨካኝ ስለሆነ ሳይሆን ሕዋሱ ቀድሞ ስለሚያረጅ ነው ዕድሜው የሚያጥረው። ከአንድ ግራም ሄሞግሎቢን 35 ሚሊግራም ያህል ቢሊሩቢን የሚባለው ቢጫ ቀለም ስለሚወጣ፣ ብዙ ሕዋስ ይዞ የተወለደ፣ ሕዋሱም ዕድሜው ያጠረ ሕፃን ለምን ቢጫ እንደሚሆን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የፊዚክስ መምህር (አራት ኪሎ)

ዶክተር፣ በአንድ ነጥብ ላይ ልሟገትዎ። «ከ65 በላይ ዝልግልግነቱ ሽቅብ ይሾላል» የሚለው መስመር የተሣለው ሰፊ ክፍተት ባለው የመለኪያ መሣሪያ ውስጥ ነው። ፎሬዩስና ሊንድክቪስት እ.ኤ.አ. በ1931 እንዳሳዩት የቱቦው ስፋት ከ300 ማይክሮሜትር በታች ሲሆን ደሙ እየቀጠነ እንደሄደ ሆኖ ይፈስሳል፤ ሕዋሳቱ ወደ መሐል ይሰበሰባሉ፤ ከግድግዳው ጋር የሚተሻሸው ፕላዝማው ይሆናል። በትናንሾቹ የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ሄማቶክሪትም በትልልቆቹ ካለው ያንሳል። የሕፃኑ ፕላዝማ ደግሞ ቀጭን ነው ብለዋል። ታዲያ 65 የሚለው ቁጥር ለሕፃኑ አካል ምን ያህል ይሠራል?

የሕፃናት ሐኪም (ካዛንቺስ)

ሙግትዎን እቀበለዋለሁ፤ 65 የሚለው ቁጥር የተቀደሰ አይደለም። ከዚያ በላይ ሆነው ምንም የማይሆኑ ሕፃናት ብዙ ናቸው፤ ምልክት ለሌለበት ሕፃን ብዙ ሐኪሞች 70 እና ከዚያ በላይ እስኪሆን የሚጠብቁትም ለዚህ ነው። ነገር ግን እርስዎ የጠቀሱት ሕግ የሚሠራው ደሙ በበቂ ፍጥነት ሲፈስስ ነው። ሕፃኑ ሲቀዘቅዝ፣ የደም ግፊቱ ሲወርድ ወይም ፈሳሽ ሲያንሰው ፍሰቱ ይዘገያል፤ ያን ጊዜ ሕዋሳቱን የሚጎትት ኃይል ይደክማል። በደረቀው ወራት ሌሊት በአዲስ አበባ ብርድ ታቅፎ ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው የሚላክ ሕፃን በዚህ ሁኔታ ላይ ነው። ለእኔ ቁጥሩ ብቻውን ሳይሆን ቁጥሩና የሰውነቱ ሙቀት አንድ ላይ ይነበባሉ።

የአራስ አባት (ፒያሳ)

ባለሙያ ባልሆንም ውይይቱን በጥሞና ተከታትያለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የእኛ ልጆች ደማቸው የሚበዛው ከከፍታው የተነሣ ነው ሲባል እሰማለሁ። ሁለተኛ፣ ልጃችን ሲወለድ እትብቱ ወዲያው አልተቆረጠም፤ ትንሽ ጠብቀው ነው የቆረጡት። ይህስ ደሙን ከመጠን በላይ አያበዛውም?

የሕፃናት ሐኪም (ካዛንቺስ)

እንኳን ማርያም ማረችልዎ። ከሁለተኛው ልጀምር። እትብትን ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ቆይቶ መቁረጥ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ነው። ከእንግዴ ልጁ ወደ ሕፃኑ የሚያልፈው ደም የብረት ክምችቱን ለወራት ያግዘዋል። ሄሞግሎቢኑ ከፍ ይላል፤ ለቢጫነት የብርሃን ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሕፃናትም በመጠኑ ይጨምራሉ፤ ነገር ግን ደም በዝቶ የሚታመሙ ሕፃናት በዚህ ምክንያት ጉልህ በሆነ መጠን መጨመራቸው አልታየም። ያዋለዱት ባለሙያዎች መልካም አድርገዋል።

ስለ ከፍታው ደግሞ ሰዎች የሚያስቡትን ያህል ቀላል አይደለም። ሲንቲያ ቢል የተባሉት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አማካይ ሄሞግሎቢን ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር መሆኑን ዘግበዋል፤ ይህ በባሕር ወለል ላይ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የሚቀራረብ ነው። በአንዲስ ተራሮች ያሉት ሰዎች ግን በተመሳሳይ ከፍታ ደማቸው በጣም ይበዛል። ጥናቱ የተደረገው በጨቅላዎች ላይ ስላልሆነ በቀጥታ ወደ ልጅዎ አላመጣውም። ሆኖም የሕፃን ደም በዛ ሲባል «ከፍታው ነው» ብሎ መተው ለእኔ በቂ መልስ አይደለም። እናትየው ስኳር ነበረባት ወይ? ሕፃኑ በማሕፀን ሳለ ዕድገቱ ቀንሶ ነበር ወይ? መንትያ ነው ወይ? መጀመሪያ የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው።

የደም ባንክ ባልደረባ (ስታዲየም አካባቢ)

ውይይቱ ስለ ሕፃኑ የራሱ ሕዋስ ብቻ ሆነ፤ ለሕፃኑ የሚሰጠውን ደምስ? ሕዋስ በእርግጥ ግትር ሲሆን ማየት የሚፈልግ ሰው የቆየ የደም ከረጢት ይመልከት። ሲፒዲኤ-1 በሚባለው ማቆያ ውስጥ ደም እስከ 35 ቀን ይቀመጣል። በእነዚያ ሳምንታት የሕዋሱ ጉልበት ይቀንሳል፤ ገለፈቱ እሾህ ያወጣል፤ ትናንሽ ቁራጮችም ይረግፋሉ፤ ፖታሲየሙም ወደ ውጭ ይወጣል። ለጨቅላ ሕፃን ሙሉ ደም ቅየራ ትኩስ ደም የሚጠየቀው ስለዚህ ነው።

ለትክክለኛነት ሲባል ግን ይህም መጨመር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 ካናዳ ውስጥ 377 ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከ7 ቀን ያልበለጠ ደም የተሰጣቸው በተለመደው አሠራር ደም ከተሰጣቸው የተሻለ ውጤት አላገኙም። ጥናቱ የሚመለከተው በትንሽ በትንሹ የሚሰጥ ደምን ነው፤ ብዙ ደም በአንድ ጊዜ ለሚገባበት ቅየራ አይሆንም። በላቦራቶሪ የሚታይ ግትርነት ሁሉ በአልጋው ላይ ጉዳት ሆኖ እንደማይገለጥ ግን ያስተምራል።

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ (ስድስት ኪሎ)

የሕፃኑ የራሱ ሕዋስም በእርግጥ የሚደርቅባቸው ጊዜያት አሉ፤ «የጨቅላው ሕዋስ እንደ አዋቂው ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር እነሱን እንዳያስረሳን እሰጋለሁ። በኢንፌክሽን የታመመ ሕፃን፣ ደሙ አሲድ የበዛበት ሕፃን ሕዋሳቸው ተጣጣፊነቱን ያጣል። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚጎድላቸው ሕፃናትም አሉ። እናቶችን ደጋግሜ የምጠይቀው ስለ ልብስ ነው። ለአራሱ የተዘጋጀው ልብስና ብርድ ልብስ ብዙ ጊዜ ናፍታሊን በተጨመረበት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ናፍታሊን ይህ ጉድለት ባለበት ሕፃን ውስጥ ሄሞግሎቢኑን ይጎዳዋል፤ የተበላሸው ሄሞግሎቢን ከገለፈቱ ጋር ተጣብቆ ሕዋሱን ያደርቀዋል፤ ጣፊያውም ይይዘዋል፤ ቢጫነቱ በአንድ ሌሊት ይወጣል። የተቀመጠ ልብስ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እንጂ ከሳጥን ወጥቶ በቀጥታ ለሕፃን አይለበስም።

የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ (ልደታ)

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። በጨቅላው ዘንድ ማጭድ መሰሉ የደም ሕመም ለምን አይታይም? እዚያም ሕዋሱ ግትር ይሆናል ተብለን ነበር። በተጨማሪም ኤክታሳይቶሜትር በሌለበት ቦታ አንድ ቢጫ የሆነ ሕፃን ሕዋሱ መድረቁን በተለመደው ምርመራ እንዴት እንጠረጥራለን?

የሄማቶሎጂ ላቦራቶሪ ባለሙያ (ቸርችል ጎዳና)

የመጀመሪያውን ብሩክሊን ውስጥ የሠሩት የሕፃናት ሐኪም ጃኔት ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ1948 አስተውለውታል፤ የጨቅላዎቹ ሕዋሳት እንደ እናቶቻቸው ሕዋሳት በቀላሉ ወደ ማጭድ ቅርጽ አይለወጡም ነበር። ሕፃኑ ሲወለድ ከሄሞግሎቢኑ ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው የፅንስ ሄሞግሎቢን ነው፤ እሱም የታመመው ሄሞግሎቢን እርስ በርሱ ተያይዞ በትር እንዳይሠራ ያደናቅፈዋል። የፅንሱ ሄሞግሎቢን በወራት ውስጥ ሲቀንስ ሕመሙ ይገለጣል።

ሁለተኛውን በተመለከተ፣ ከአውቶማቲክ የደም ቆጣሪው በሚወጣው ወረቀት ላይ ተማሪዎች ዘለው የሚያልፉትን ኤምሲኤችሲ ተመልከት። በሕዋሱ ውስጥ ያለውን የሄሞግሎቢን ትፍገት ይነግርሃል፤ የጨቅላውም የአዋቂውም 33 ግራም በዴሲሊትር አካባቢ ነው። በቢጫ ሕፃን ላይ ከ36 በላይ ሆኖ ካገኘኸው ትርፍ ገለፈታቸውን ያጡ ድቡልቡል ሕዋሳት ሊኖሩ ይችላሉና በዘር የሚተላለፈውን የድቡልቡል ሕዋስ ሕመም አስብ። ከዚያ በመስታወት ላይ የተቀባውን ደም (ስሚሩን) በማይክሮስኮፕ ራስህ እይ። ድቡልቡሎቹ መሐላቸው ፈዘዝ ያለ ክብ የላቸውም። ነገር ግን በእናትና በልጅ የደም ዓይነት አለመስማማትም ተመሳሳይ ሕዋስ ይታያልና በሕዋሱ ላይ የተጣበቀ ፀረ እንግዳ አካል መኖሩን የሚያሳየው የኩምብስ ምርመራ ውጤት ሳይመጣ ወደ አንዱ አታዘንብል። ወላጆቹን ስትጠይቅም «በቤተሰቡ ውስጥ ጣፊያው የወጣለት ወይም በልጅነቱ የሐሞት ጠጠር የነበረበት አለ?» ብለህ ጠይቅ፤ የበሽታውን ስም ማንም አያውቀውም፣ ቀዶ ሕክምናውን ግን ሁሉም ያስታውሰዋል። ናሙናውን ስትልክ ከደም ሥር የተቀዳ መሆኑንና ሕፃኑ ከተወለደ ስንት ሰዓቱ እንደሆነ በወረቀቱ ላይ ጻፍልን።